ቤትን ጎትቶ ወደ ሰሜን

ውድ እኅቶቻችን፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ባልና ሚስት መንገድ ነው። መንገዱ የተጀመረው ካናዳ ውስጥ ከኤድመንተን ከተማ ሲሆን ያለቀው አላስካ ነው። መሄጃቸው መኪና፣ ማደሪያቸው ደግሞ ከመኪናው ኋላ የሚጎተት ትንሽ ቤት ነበር። "ይህ ለእኛ ምናችን ነው?" የምትል ትኖር ይሆናል። ሴቲቱ ከእናንተው አንዷ ነበረች። ቤይሩት ውስጥ በሰው ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። በ2017 ዓ.ም. ለኅዳር ሚካኤል ንግሥ ተጋብዤ ኤድመንተን በሄድኩ ጊዜ ባልና ሚስቱ ቤታቸው አሳድረውኝ፣ ሁለት ምሽት ሙሉ አንዱ ሲጀምር ሌላው እየነጠቀ አጫወቱኝ። እንድጽፈው ሁለቱም ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን ትቼዋለሁ።

እኅታችን የወሎ ልጅ ናት፤ አገሯ ወረኢሉ ነው። በ1990 ዓ.ም. ቤይሩት ገባች። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የእስራኤልና የሂዝቦላህ ጦርነት ሲነሣ እዚያው ነበረች። በማግሥቱ ዓመት፣ ካናዳ ትሰጠው በነበረው፣ በአሠሪ ቤት እየኖሩ ሕፃናትንና አረጋውያንን የመንከባከብ የሥራ ፈቃድ ተሻገረች። በዚያ ፈቃድ የገባች ሴት 24 ወር ሠርታ ስትጨርስ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ለመጠየቅ ትችል ነበር። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ ያ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ለአዲስ አመልካች ተዘግቷል። ዛሬ በዚያ ስም ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ደላላ ቢመጣ አትስሙት።

ባለቤቷ የደባርቅ ሰው ነው፤ ሥራው ከባድ መኪና መንዳት ነው። በ2002 ዓ.ም. ተጋቡ። እሷ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ናት፤ እሱ ጭነት ይዞ አራት አምስት ቀን ይጠፋል። እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል፤ እሱ ሲገባ እሷ ተኝታለች። "አባቴ፣ አሥራ አራት ዓመት በር ላይ ስንተላለፍ ኖርን" አለችኝ። "መጀመሪያ ፍሪጅ ላይ ወረቀት እንለጥፍ ነበር። 'ወጥ አለ'፣ 'የመብራት ከፍያለሁ' እየተባባልን። በኋላ ወረቀቱም ቀረና በስልክ መልእክት ሆነ።" ጠብ በመካከላቸው አልነበረም። ለጠብም እኮ አብሮ መቀመጥ ያስፈልጋል።

የመንገዱን ሐሳብ ያመጡት እሷ በመጦሪያው ሌሊት ሌሊት የምትጠብቃቸው አንዲት ካናዳዊት አሮጊት ናቸው። እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው በወጣትነታቸው ከባላቸው ጋር ተሳቢ ቤት እየጎተቱ ወደ አላስካ የሄዱበትን መንገድ ይተርኩላት ነበር። የድልድዩን፣ የፍል ውሃውን፣ ፀሐይ የማትጠልቅበትን ሌሊት። "ጉልበታችሁ ሳይደክም ሂዱ" አሏት። አሮጊቷ በዚያው ክረምት ዐረፉ። እሷም ያን ቃል ለባሏ ነገረችው፤ ባሏም ሳይከራከር ከሥራ ባልደረባው አንድ አሮጌ ተሳቢ ቤት ገዛ። አንዲቷ ልጃቸው ዕረፍቷን ከአክስቷ ጋር ቶሮንቶ እንድታሳልፍ ተደረገ። ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጧት ተነሡ።

ተሳቢ ቤት ምን ዓይነት እንደሆነ ላላያችሁት ልንገራችሁ። ከውጭ ሲያዩት ነጭ ሣጥን ነው። የእነሱ ርዝመቱ አምስት ሜትር ተኩል ይሆናል። በውስጡ የሁለት ሰው አልጋ፣ ታጥፎ መኝታ የሚሆን ጠረጴዛ፣ ባለ ሁለት ምድጃ የጋዝ ማብሰያ፣ ትንሽ ፍሪጅ፣ የዕቃ ማጠቢያና ሽንት ቤት አለው። ከወለሉ በታች ሦስት በርሜሎች ተገጥመውለታል፤ አንዱ ለንጹሕ ውሃ፣ አንዱ ለእጣቢ፣ አንዱ ለሽንት ቤቱ። እጣቢውንና ቆሻሻውን በየመንገዱ ማፍሰስ ክልክል ነው፤ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ጉድጓድ በቱቦ ይገለበጣል። መኪናው ሲንቀሳቀስ ጋዙ ይዘጋል፤ የቁም ሣጥኑ በር ሁሉ ይቆለፋል፤ አለዚያ ሲደርሱ ሽሮው ከስኳሩ ተደባልቆ ይገኛል። እኔ በአብነት ትምህርት ቤት ሳለሁ ደበሎና አኩፋዳ ይዘን ካገር አገር ስንዞር "ቤታችንን በጀርባችን ተሸክመን" እንል ነበርና ይህን ስሰማ ሣቅሁ። የእኛው ቀሎ ኖሯል።

እሷ ግን መጀመሪያ ገብታ ስታየው በልቧ የለካችው በሌላ ነገር ነበር። ቤይሩት የነበረችበት ቤት ማደሪያዋ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለ፣ መስኮት የሌለው፣ ፍራሽ ሲዘረጋ መርገጫ የማይተርፍበት ክፍል ነበር። ተሳቢውም ጠባብ ነው። በሩን ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ደግማ ከፈተችው። ከዚያ ሁለቱንም ቁልፎች ከባሏ ተቀብላ አንዱን በአንገቷ ክር አሰረችው። እሱ ለምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ እሷም አልነገረችውም።

የመጀመሪያው ቀን መንገድ ሊጨርሳቸው ምንም አልቀረውም ነበር። ከኤድመንተን እስከ ዶውሰን ክሪክ 590 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አገሩ ሜዳ፣ የስንዴና የጎመን ዘር እርሻ ነው። ግራንድ ፕሬሪ የምትባለውን ከተማ እንዳለፉ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ሲቀድማቸው ነፋሱ ተሳቢውን መታው። ተሳቢው እንደ ውሻ ጅራት ግራ ቀኝ ይወናጨፍ ጀመር፤ መኪናውንም አብሮ ይዞት ሊገለበጥ ደረሰ። ባል ፍሬን አልነካም፤ ነዳጁን ብቻ ለቆ መሪውን ቀጥ አድርጎ ያዘና ፍጥነቱ እየቀነሰ ሲሄድ ጸጥ አለ። ዳር ይዘው ቆሙ።

"ጤፉ ነው" አላት። እውነትም ከኋላ ካለው ቁም ሣጥን ውስጥ 25 ኪሎ ጤፍ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቡናና ሙቀጫ ሳይቀር ጭናለች። እሷ ዝም አለች።

ማታ ዶውሰን ክሪክ ሲደርሱ ከጎናቸው የሰፈሩ አንድ ሽማግሌ ካናዳዊ መጥተው ተሳቢውን ዞረው አዩት። የኋላውን በር አስከፍተው ጣታቸውን ዘረጉ፦ ጄኔሬተር፣ የመሣሪያ ሣጥን፣ ሁለት ብስክሌት። የውሃው በርሜልም ከጎማው ኋላ ነው፤ 150 ሊትር ውሃ ማለት 150 ኪሎ ነው። እንዲህ ያለው ተሳቢ ከጠቅላላ ክብደቱ ከመቶ 10 እስከ 15 ያህሉ ከፊት ከመጋጠሚያው ጋንቾ ላይ ማረፍ አለበት። ኋላው ከከበደ ፊቱ ይቀልና ጅራቱ መኪናውን ይመራዋል። ባል ሃያ ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል፤ ነገር ግን የዚያ መኪና ተሳቢ ሸክሙን ከጎታቹ ጀርባ ላይ ያሳርፋል፣ ይህኛው በጫፉ ብቻ ነው የሚጎተተው። ጄኔሬተሩን፣ ሣጥኑንና ብስክሌቶቹን ወደ ፊት አዛወሩ፤ ግማሹን ውሃ አፈሰሱ። ጤፉ ባለበት ቀረ። "ይቅርታ አለኝ ብለው ያምናሉ አባቴ?" አለችኝ እየሣቀች። ባልየውም "ለጤፉ ነው ይቅርታ ያልኩት" አለ።

ዶውሰን ክሪክ የአላስካ አውራ ጎዳና መነሻ ናት። ከተማው መካከል ዜሮ ማይል የሚል ምሰሶ ቆሟል። የዚህን ጎዳና ታሪክ ትንሽ ላቆይባችሁ እወዳለሁ፤ አብዛኛው ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1941 ፐርል ሃርበርን ከደበደበች በኋላ አሜሪካ ለአላስካ ሰጋች፤ ወደዚያ የሚያደርስ የየብስ መንገድ አልነበረምና። በመጋቢት 1942 ከአሥር ሺህ የሚበልጡ የአሜሪካ ጦር መሐንዲስ ወታደሮች ገብተው ጫካውን መመንጠር ጀመሩ፤ ስምንት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ2,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ጥርጊያ መንገድ አወጡ። ሥራው በመካሄድ ላይ እያለ በሰኔ ወር ጃፓን አቱና ኪስካ የሚባሉትን የአላስካ ደሴቶች ያዘች።

ከእነዚያ ወታደሮች ሲሶ ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ። በዚያን ዘመን የአሜሪካ ጦር ጥቁሩንና ነጩን ለይቶ ያሰልፍ ነበር። የአላስካው አዛዥ ጥቁር ወታደሮች ወደዚያ እንዳይመጡ ተቃውመው ነበር፤ ሲመጡም ከከተሞች ርቀው በጫካ ውስጥ በድንኳን እንዲኖሩ ተደረገ። ሲካኒ ቺፍ በሚባለው ወንዝ ላይ 95ኛው ክፍለ ጦር ከቅዝቃዜው ጋር እየታገለ፣ ዛፍ በእጅ እየቆረጠ አራት ቀን ባልሞላ ጊዜ ድልድይ ሠራ። ጥቅምት 25 ቀን 1942 እ.ኤ.አ. ከሰሜንና ከደቡብ ሲጠርጉ የመጡት ቡልዶዘሮች ቢቨር ክሪክ አጠገብ ተገናኙ። በአንደኛው ላይ የነበረው ሪፋይንስ ሲምስ የተባለ ጥቁር አሥር አለቃ፣ በሌላው ላይ አልፍሬድ ጃሉፍካ የተባለ ነጭ ወታደር ነበር። እጅ ለእጅ ሲጨባበጡ የተነሡት ፎቶግራፍ በየጋዜጣው ወጣ። ለሕዝብ መኪና ጎዳናው የተከፈተው በ1948 ነው። ዛሬ አስፋልት ነው፤ ጥገና ባለበት ቦታ ብቻ ጠጠር ይሆናል።

እኅታችን ይህን ሁሉ ያነበበችው በዶውሰን ክሪክ በአንድ ግድግዳ ላይ ነው። "የሠራው ሰውና ፎቶ የሚነሣው ሰው ለአንድ ጊዜ እንኳ አንድ ሆነ" አለችኝ።

ሐምሌ 4 ቀን ማታ ፎርት ኔልሰን ደረሱ። በዚያው ዓመት በግንቦት የደን እሳት መጥቶ ነዋሪዎቿ ሁሉ ሁለት ሳምንት ያህል ለቀው ወጥተው ነበር፤ በከተማዋ አጠገብ የተቃጠለው ዛፍ ጥቁር እንደሆነ ቆሟል። ከሌሊቱ አራት ሰዓት ቢሆንም ብርሃን ነው። ሁለቱም ደክመዋል። ተሳቢውን በሁለት ዛፎች መካከል በማርሽ ኋላ ማስገባት ነበረባቸው።

ተሳቢ ወደ ኋላ ሲነዳ ነገሩ ይገለበጣል፤ መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞሪ ተሳቢው ወደ ግራ ይሄዳል። ሽማግሌው ያስተማሩት ዘዴ፣ መሪውን ከታች በኩል ይዞ ተሳቢው እንዲሄድ ወደሚፈለገው አቅጣጫ እጅን ማንቀሳቀስ ነው። አጭሩ ተሳቢ ከረጅሙ ይልቅ ቶሎ ይታጠፋል፤ ጥቂት ስትስቺ ጥምዝዝ ይላል። እሷ ከኋላ ቆማ "ና፣ ና" እያለች በእጇ ትመራዋለች። የቆመችበት ቦታ ግን በመስታወቱ አይታይም። አንዴ ገባ፣ ወጣ። ሁለተኛ ገባ፣ ወጣ። በሦስተኛው የተሳቢው ጥግ ዛፉን ፈተገው። ባል መስኮቱን ከፍቶ ጮኸ፦ "ዓይን የለሽም እንዴ! አትሰሚም!"

የያዘችውን ባትሪ መሬት ላይ አስቀመጠችና ሄደች። ባል ተሳቢውን እንዳጋደለ ትቶ ሲፈልጋት ግማሽ ሰዓት ቆየ። የሰፈሩ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ በሚሽከረከረው መኪና ፊት ለፊት ተቀምጣ አገኛት። የማንም ልብስ ነው እንጂ የእነሱ አይደለም፤ እሷ ግን ታየዋለች። ሁለቱም ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ዘጠኝ ዓመት ተጮኾብኛል" አለችው። "'ዓይን የለሽም፣ አትሰሚም'፤ ቃሉ ያው ነው፣ ቋንቋው ብቻ ነው ሌላ። ድምፅ ሲነሣብኝ ጆሮዬ ይዘጋል፤ እጄ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።"

እሱ ይህን አያውቅም ነበር። ቤይሩት እንደነበረች ያውቃል፤ ገንዘብ እንደላከች፣ ወንድሞቿን እንዳስተማረች ያውቃል። በ14 ዓመት ውስጥ ግን ሌላውን አልጠየቀም፤ እሷም ጀምራ አልነገረችውም። መች ይነጋገሩ! ያን ሌሊት እስከ ስምንት ሰዓት በልብስ ማጠቢያው ክፍል ተቀምጠው ነገረችው። ክፍሉን፣ የተቆለፈውን በር፣ ያልተከፈላትን የመጨረሻ ሰባት ወር፣ እመቤቲቱ ስትቆጣ ስሟን ትታ የምትጠራትን ቃል። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን መዘርዘር አያስፈልገኝም። እሱም በተራው፣ ሱዳንን አቋርጦ ሲሄድ በመንገድ ጥለውት ስላለፉት ጓደኛው ነገራት። ይህንንም እሷ አታውቅም ነበር።

ጧት ሕግ አወጡ። ተሳቢው ወደ ኋላ ሲነዳ ድምፅ የለም፤ እጅ ብቻ። ሁለት እጅ ወደ ላይ ማለት ቁም። እሷ በመስታወቱ ካልታየችው እሱ ይቆማል፤ ጥፋቱ የማንም አይሆንም። እኔ ስንት ባልና ሚስት አስታርቄ የዚህን ያህል የሚሠራ ውል አላስፈረምኩም።

ከፎርት ኔልሰን በኋላ ጎዳናው ወደ ተራራ ይገባል። የጎዳናው ከፍተኛ ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር አይሞላም፤ የእንጦጦ ልጅ ሜዳ ነው ትላለች። ነገር ግን አገሩ ሩቅ ሰሜን ስለሆነ በዚያ ከፍታ ዛፍ ይሳሳል፣ በሐምሌም በረዶ በሸለቆው ይታያል። ማንቾ የሚባለው ሐይቅ ውሃው አረንጓዴ ነው፤ በዳርቻው የተራራ በጎች ለአሞሌ ሲሉ መንገዱ ላይ ወጥተው አስፋልቱን ይልሳሉ፤ መኪና ቢመጣ አይነሡም።

የሊያርድ ወንዝ ፍል ውሃ ከፎርት ኔልሰን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በእንጨት ድልድይ ረግረጉን ተሻግረው ይደርሱበታል። ሶደሬንና ወንዶ ገነትን የምታውቁ ትረዱታላችሁ፤ የዚህ ልዩነቱ በጫካ መካከል እንደተፈጥሮው መተዉ ነው። ውሃው እስከ 52 ዲግሪ ይደርሳል፤ ወደ ምንጩ በተጠጋችሁ ቁጥር ያቃጥላል። የመጀመሪያውን የእንጨት መንገድ የዘረጉት በ1942 የመጡት ወታደሮች ናቸው። እሷ እግሯን ነክራ ሁለት ሰዓት ተቀመጠች። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ቆማ የሠራችበት እግር ነው።

እዚያው ሰፈር ቡና አፈላች። ድብ በሚኖርበት አገር ምግብ ውጭ አይተውም፤ ድስት ሳይታጠብ አያድርም፤ ቆሻሻው በብረት በርሜል ይቆለፋል። የቡናው ሽታ ግን ድብ ሳይሆን ሰው አመጣ። ከጎረቤት ተሳቢዎች አምስት ሽማግሎችና አሮጊቶች ወንበራቸውን ተሸክመው መጡ። ሦስተኛውን ስኒ ሳይጠጡ መሄድ ነውር እንደሆነ ነገረቻቸው፤ አንዳቸውም አልሄዱም። እንቅልፍስ? ፀሐይዋ ራሷ መች ትተኛለች! በሌሊት ብርሃኑ እንዳይገባ መስኮቱን በነጠላ ጋረደችው።

ሐምሌ 7፣ በሥላሴ ዕለት፣ ዋትሰን ሌክ ገቡ። በዚህች ትንሽ ከተማ የምልክት ጫካ የሚሉት ቦታ አለ። በ1942 ካርል ሊንድሊ የተባለ ወታደር ጉዳት ደርሶበት ከባድ ሥራ መሥራት ስላልቻለ የተሰበረ የመንገድ ምልክት እንዲጠግን ይታዘዛል። አገሩ ናፍቆት ነበርና ከምልክቱ ጎን የትውልድ ከተማውን የዳንቪል ኢሊኖይን ስም ጽፎ ቸነከረ። ሌሎቹም እንደሱ አደረጉ፤ ከዚያ በኋላም የሚያልፍ ሁሉ የአገሩን ስም እየቸነከረ ይሄዳል። ዛሬ ከ80 ሺህ በላይ ሆኗል። የመኪና ታርጋ አለ፣ የመንደር ምልክት አለ፣ መጥበሻና አካፋም አለ፤ በሁሉም ላይ ስም ተጽፎበታል። በረድፍ በረድፍ በቆሙት ምሰሶዎች መካከል ሲገቡ ሰው ይጠፋል።

እሷ ምን እንደምትሰቅል ከኤድመንተን ሳትነሣ አስባበታለች፤ ለባሏ ግን አልነገረችውም። ቤይሩት በመጀመሪያ ደመወዟ ለራሷ የገዛችው አንድ የአልሙኒየም ድስት አላት። እመቤቲቱ በቤቱ ዕቃ እንድትበላ አትፈቅድላትም ነበርና ነው የገዛችው። ድስቱ አብሯት ካናዳ ገብቷል፤ ተሳቢው ውስጥም ሽሮ የሚሠራው በሱ ነው። ክዳኑን አወጣች። በቀይ ቀለም በአማርኛ ሦስት ስም ጻፈችበት፦ ወረኢሉ፣ ቤይሩት፣ ኤድመንተን። ባሏ አየና "ቤይሩትን ለምን?" አላት። "ዘጠኝ ዓመት ኖሬበታለሁ" አለችው። እሱም ብሩሹን ተቀብሎ ከታች ደባርቅን ጨመረ፤ ቀለሙ ስለበዛበት 'ር' ወደ ታች ፈሰሰች። መሰላል ተውሶ እሱ ቸነከረው።

ዋይትሆርስ ውስጥ ልብሳቸውን አጠቡ፣ ነዳጅ ሞሉ፣ ሦስት ቀን ዐረፉ። ይህች ከተማ የዩኮን ግዛት ዋና ከተማ ናት። ግዛቱ 482 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የኢትዮጵያን ግማሽ ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል። ሕዝቡ ግን 50 ሺህ አይሞላም፤ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው በዚችው ከተማ ነው። ከከተማዋ ሲወጡ ሰው ያልቃል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የክሉዋኒ አገር ነው። ከጀርባው ካሉት ተራሮች አንዱ የካናዳ ትልቁ ተራራ ሎጋን ነው፤ ቁመቱ 5,959 ሜትር። ከመንገዱ ራሱ ሎጋን አይታይም፤ ፊት ለፊት ያሉት ብቻ ይታያሉ። የደባርቁ ሰው ግን ቢሆንም አልተዋጠለትም። "ከፍታ ነው እንጂ እንደ ስሜን ገደል የት አለው" ብሎ ለእኔም ደገመልኝ። በክሉዋኒ ሐይቅ ደቡባዊ ጫፍ የደረቀ ሰፊ ወንዝ አልፈዋል። ወንዙን የሚመግበው ካስካዉልሽ የሚባል የበረዶ ግግር ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ጸደይ ግግሩ ከመሸሹ የተነሣ የቀለጠው ውሃ ሌላ ማለፊያ አገኘና በቀናት ውስጥ ወደ ሌላ ወንዝ ዞረ። አሁን ነፋስ ሲነሣ የወንዙ አሸዋ እንደ በረሃ አቧራ ሐይቁ ላይ ይነሣል። ባልየው ፎቶግራፉን ሲያሳየኝ የኩዌት አቧራ መስሎኝ ነበር።

ከሐይቁ እስከ ቢቨር ክሪክ ያለው ክፍል የጎዳናው ክፉ ክፍል ነው። ከመሬቱ ሥር ዘላለም የማይቀልጥ በረዶ ነበር፤ መንገዱ ሲሠራ ከላይ ያለው አፈርና ሣር ሲገፈፍ ሙቀት ገባና በረዶው እየቀለጠ መሬቱ ይሰምጣል፣ ሌላው ጋ ያብጣል። አስፋልቱ እንደ ባሕር ሞገድ ነው። እነሱም በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ሳለ የተሳቢው ባሌስትራ ተሰበረ። ጎማው ከላይ ካለው ወለል ጋር ተነካካ፤ ጢስ ወጣ።

እሱ በክሪክ አንሥቶ ባሌስትራውን በእንጨትና በሰንሰለት አሰረው። ተሳቢው ቀስ እያለ መጎተት ቢችልም የታሰረውን የሚመለከት ሰው በየጊዜው ወርዶ ማየት አለበት፤ ያን የሚያውቀው እሱ ነው። ስለዚህ መሪውን እሷ ያዘች። ኤድመንተን ውስጥ ወደ ሥራዋ ስትነዳ ኖራለች፤ ተሳቢ ግን ጎትታ አታውቅም። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር፣ አራት ሰዓት ተኩል ነዳች። እሱ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ይወርዳል፣ ያያል፣ በእጁ ያመለክታል። ድምፅ የለም። ቢቨር ክሪክ ሲደርሱ ጣቶቿ ከመሪው አልላቀቅ አሏት።

ቢቨር ክሪክ መቶ የሚሆን ሰው ብቻ ያላት የካናዳ የመጨረሻ ምዕራባዊ መንደር ናት። ባሌስትራው ከዋይትሆርስ እስኪመጣ ሁለት ቀን ጠበቁ። በሁለቱ ቀን ጤፉን አቡክታ በመጥበሻ እንጀራ ጋገረች፤ ከአነባበሮ ያነሰ፣ ግን ዓይን ያለው። ጠጋኙ ሰውዬ ሦስት በላ።

ከዚያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው የአሜሪካ ድንበር ደረሱ። መስኮቱ ጋ ሁለቱንም ፓስፖርት ለመኮንኑ ያቀበለችው እሷ ናት። ቤይሩት ዘጠኝ ዓመት ስትኖር ፓስፖርቷን በእጇ የያዘችው ስትገባና ስትወጣ ብቻ ነው። መኮንኑ አየው፣ ተሳቢው ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀ፣ "ጤፍ" አለችው፤ ምን እንደሆነ አላወቀውም፤ ዱቄት ነው ስትለው ሣቀና መለሰላት። አንድ ደቂቃ ተኩል ቢሆን ነው። ባሏ መንዳት ሲጀምር ፓስፖርቱን ወደ ኪሷ ሳትመልስ ጭኗ ላይ እንደያዘችው ብዙ እንደሄዱ አየ። ዝም አለ።

ሐምሌ 19፣ በገብርኤል ዕለት፣ ጎዳናው የሚያልቅበት ዴልታ ጃንክሽን ደረሱ። ከምሰሶው አጠገብ ፎቶግራፍ ተነሡ። ሽማግሌ ፈረንጆች ካሜራውን ተቀብለው ነው ያነሡዋቸው፤ እሷ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳለች፣ እሱ ጋቢ ደርቧል፤ ጋቢው ላይ የባሌስትራው ቅባት አለ። የመልሱ መንገድ ስምንት ቀን ፈጀ፤ ስለሱ ብዙም አልነገሩኝም። ለፍልሰታ ቤታቸው ገቡ። ለነዳጅ ብቻ 2,400 የካናዳ ዶላር አውጥተዋል፤ ጎትቶ የሚሄድ መኪና እጥፍ ይጠጣል። ይህንን የምጽፈው "ነገ እንሂድ" እንዳትሉ ነው።

በኅዳር ሳያቸው እሷ የሌሊት ሥራዋን ወደ ቀን አስቀይራ ነበር፤ ደመወዙ ያነሰ ነው። እሱ ረጅሙን መስመር ትቶ በከተማው ዙሪያ ይጭናል፤ የእሱም አንሷል። የቤታቸው ዕዳ ገና አልተከፈለም፤ በዚህ ይከራከራሉ፤ እኔ ባለሁበትም ተከራክረዋል።

ልሄድ ስል ጓሮ ወሰደችኝ። ተሳቢው በበረዶ ተሸፍኖ ቆሟል። ከአንገቷ ቁልፉን አውጥታ ከፈተችው። ውስጡ ከውጭ ይልቅ ይበርዳል። ድስቱ ከምድጃው ላይ ነው፤ በሳህን ተከድኗል።